የተሸነፈ የጌም ማሽን ዳግም ይነሳል?

የጌም ቤት ባለቤት ማሽን የሚገዛው ለራሱ መዝናኛ አይደለም። የቤት ኪራዩን፣ የመብራቱንና የቤተሰቡን ወጪ የሚሸፍንለት ያ ሳጥን ነው። ስለዚህ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአደባባዩ ወደ መርካቶ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ፣ «ኤክስቦክስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ወጣት ሲያጋጥማችሁ ጥያቄው የልጅ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አንዱ «ተወው፣ ኤክስቦክስ አልቆለታል፤ ብርህን አታቃጥል» ይለዋል። ሌላው «ማይክሮሶፍትን የሚያህል ድርጅት ከኋላው እያለ እንዴት ያልቅለታል?» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት።

ክርክሩ መልክ የሚይዘው ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ ስናያቸው ነው። አንዱ ማሽኑ በዓለም ገበያ ተመልሶ ያሸንፋል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ የአምራቹ ራስ ምታት ነው። ሌላው እዚህ ያለ ሰው ገዝቶት ለዓመታት እንጀራ ይበላበታል ወይ የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብዙም አይገናኙም ነበር። በውጭ ገበያ ያበቃለት ማሽን አዲስ አበባ ላይ እንደ ልቡ ሠርቷል። አሁን ግን ሁለቱ እየተገናኙ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አምራቹ ከምን እንደሚያተርፍ እንይ። የጌም ማሽን የሚሠራ ድርጅት ዋና ትርፉን የሚያገኘው ከማሽኑ አይደለም። ማሽኑን ብዙውን ጊዜ በወጪው ልክ፣ አንዳንዴም ከወጪው በታች ይሸጠዋል። ትርፉ ያለው ከዚያ በኋላ በሚሸጠው እያንዳንዱ ጌም ላይ በሚያገኘው ድርሻ ነው፤ በኢንተርኔት መደብሮቻቸው የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ ማሽኑ በብዙ ሰው ቤት ካልገባ ጌም ሠሪዎች ለእሱ መሥራት አያዋጣቸውም። ጌም ከሌለው ደግሞ ማሽኑን የሚገዛ የለም። ማሽን ችግር ውስጥ ገባ የሚባለው እዚህ አዙሪት ውስጥ ሲወድቅ ነው።

ከአዙሪቱ መውጣት እንደሚቻል ሶኒ አሳይቷል። ፒኤስ 3 (ፕሌይስቴሽን 3) በ2006 ኖቬምበር ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው እንደ ሞዴሉ 499 እና 599 ዶላር ነበር። ማሽኑን ፈታተው ወጪውን ያሰሉት የአይሰፕላይ ጥናት ድርጅት ባለሙያዎች ርካሹን ሞዴል ለመሥራት እንኳ ከ800 ዶላር በላይ እንደሚያስፈልግ ገምተዋል። ሴል የተባለው ፕሮሰሰሩ ኃይለኛ ቢሆንም ጌም ሠሪዎችን አስቸገረ። ኤክስቦክስ 360 ደግሞ አንድ ዓመት ቀድሞ ወጥቶ ደንበኛውን ሰብስቧል። በዚያን ጊዜ «ሶኒ በገዛ እጁ ራሱን ጣለ» ያላለ አልነበረም። ሶኒ ግን ዋጋውን ደጋግሞ ቀነሰ፣ በ2009 ቀጭኑን ሞዴል በ299 ዶላር አወጣ፣ የራሱን ስቱዲዮዎች አሠማርቶ ሌላ ቦታ የማይገኙ ጌሞችን አከታተለ። ፒኤስ 3 ዘመኑን ሲጨርስ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ነበር። ቀድሞ የሮጠው ኤክስቦክስ 360 ደግሞ 84 ሚሊዮን ገደማ ላይ ነበር።

ኤክስቦክስ 360ም ቢሆን የራሱን ሞት ተርፎ ነው እዚያ የደረሰው። ሦስት ቀይ መብራት አብርቶ የሚሞተውን ማሽን የኛ ጠጋኞች በደንብ ያውቁታል፤ ቦርዱን በሙቅ አየር አሙቆ ለጥቂት ወራት ማስነሳት የብዙዎቹ ሙያ ሆኖ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2007 ጁላይ ለዚህ ብልሽት ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበለት። ኪሱ የሳሳ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ያኔ ያበቃለት ነበር።

ሌላው ከወደቀበት የተነሳ ማሽን የኒንቴንዶ 3ዲኤስ ነው። በ2011 መጀመሪያ በ250 ዶላር ወጥቶ ገበያው ቀዘቀዘበት። ወራት ሳይቆይ፣ ኦገስት ላይ፣ ወደ 170 ዶላር ወረደ። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ፤ በውዱ ዋጋ ቀድመው ለገዙት ደንበኞችም 20 ጌሞች በነፃ ተሰጡ። በዓመቱ መጨረሻ ሁለት የማሪዮ ጌሞች ተከታትለው ወጡ። ማሽኑ በመጨረሻ ወደ 76 ሚሊዮን ተሸጠ። የኢዋታን ሥራ የማደንቀው ለኪሳራው ቅጣቱን ከራሳቸው ስለጀመሩ ብቻ አይደለም። በሽታውን በትክክል ለይተው ነበር፤ ማሽኑ ውድ ነው፣ ጌም የለውም። ሁለቱም በገንዘብና በጊዜ የሚድኑ በሽታዎች ናቸው።

የማይድነው ምን ዓይነቱ ነው? የሴጋን ድሪምካስት እንመልከት። በ1998 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ፣ በ1999 ሴፕቴምበር 9 አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ማሽኑ ጥሩ ነበር፤ ከዘመኑ ቀድሞ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባ ሞደም ነበረው፤ ጌሞቹ ዛሬም ይወደሳሉ። ግን ሴጋ ከዚያ በፊት በነበሩት ማሽኖቹ ከስሮ ገንዘቡ ተሟጥጦ ነበር። የእግር ኳስና የሌሎች ስፖርቶች ጌሞችን የሚያወጣው ኢኤ ለድሪምካስት አልሠራም አለ። ፒኤስ 2 ሊወጣ ነው ሲባል ደንበኛው መጠበቅን መረጠ። ሴጋ በ2001 ጃንዋሪ መጨረሻ ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በአጠቃላይ የተሸጠው 9 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ሴጋ የቤት ጌም ማሽን ይዞ ወደ ውድድሩ አልተመለሰም። ጌም መሥራቱን ግን ቀጠለ፤ ያ ዓመት ሳያልቅ ሶኒክ በተቀናቃኙ በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ወጣ።

የኒንቴንዶ ዊ ዩ ታሪክ ደግሞ ይለያል። በ2012 የወጣው ይህ ማሽን ገንዘብ ያለው አምራች ነበረው፣ ጥሩ ጌሞችም ነበሩት። ችግሩ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አለመቻሉ ላይ ነበር። ብዙዎች ስሙን ሰምተው የድሮው ዊ ማሽን ተጨማሪ ዕቃ መሰላቸው፤ ሰፌድ የሚያህለው ባለ ስክሪን ጆይስቲክ ለምን እንደሚያስፈልግም አልገባቸውም። ኒንቴንዶ በአንድ የበጀት ዓመት 9 ሚሊዮን እሸጣለሁ ብሎ አቅዶ በ2014 ጃንዋሪ ግምቱን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደው። በመጨረሻ የተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ማሪዮ ካርት 8 የተባለው የመኪና ውድድር ጌም በዊ ዩ ላይ ከ8 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ያው ጌም ጥቂት ተጨምሮበት በ2017 ለኒንቴንዶ ስዊች ሲወጣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጌሙ አንድ ነው፤ የተለየው የገባበት ማሽን ነው። የማሽኑ መሠረታዊ ሐሳብ ካልያዘ ዋጋ መቀነስም፣ ጌም መጨመርም አያድነውም። ኒንቴንዶ ይህን ሲረዳ ዊ ዩን ትቶ ሐሳቡን ከሥር አስተካክሎ በአዲስ ማሽን መጣ።

እስካሁን ያየነው የአምራቾቹን መዝገብ ነው። እኛ ሰፈር የሆነው ከዚህ ይለያል።

ፒኤስ 2 በ2000 ማርች ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2013 መጀመሪያ ነው። በዚህ መሀል 160 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። የመጨረሻው ጌሙ በ2013 ኖቬምበር የወጣው የኮናሚ የእግር ኳስ ጌም፣ ፔስ 2014፣ ነበር። ከዚያ በኋላ በአምራቹ ዓይን ማሽኑ የለም። አዲስ አበባ ላይ ግን ፒኤስ 2 የያዙ ጌም ቤቶች ከዚያም በኋላ ዓመታት ሠርተዋል። ለምን?

አንደኛ፣ ቦታው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ከፕሌይስቴሽን በፊት የሰፈር ልጅ ጆተኒ ላይ ያድግ ነበር። ሕጉም ያው የጆተኒ ሕግ ነው፦ አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል፣ ተራ የያዘ ይገባል። ጌም ቤት ይህንን ሕግ እንዳለ ወረሰ። ለባለቤቱ የሚያስፈልጉት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ የእግር ኳስ ሲዲ ነበሩ። ሌላ አገር ሰው ማሽን ሲመርጥ ስንት ጌም አለው ብሎ ይጠይቃል። እኛ ጋ አንድ ጌም ይበቃ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ አፍቃሪዎች የፔስን የድሮ ስሪት እየከፈቱ የተጫዋቾቹን ዝውውርና የቡድኖቹን ማልያ ያድሱት ስለነበር፣ የአሥር ዓመት ጌም ላይ የዘንድሮውን አርሴናል መጫወት ይቻል ነበር።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ይጠገናል። ይህንን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፒኤስ 2 ሲያረጅ መጀመሪያ የሚደክመው ሲዲ የሚያነበው ሌንስ ነው። ጠጋኙ ክዳኑን ይፈታና ሌንሱን በጥጥና በአልኮል በቀስታ ይጠርገዋል። ያ ካልሠራ የሌንሱን ከፍታ የሚያስተካክለውን ትንሿን ነጭ ጥርስ በትንሹ ያዞራታል፤ ሲዲ ከትቶ ይሞክራል፣ እንደገና ያዞራል። እሱም ካልሆነ ሌንሱን ከሞተ ማሽን ላይ ነቅሎ ይቀይራል። መለዋወጫው ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ ሲዲውን ጭራሽ ትቶ ጌሙን ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ የሚያስነሳ ሜሞሪ ካርድ ያዘጋጃል። ጆይስቲክ ሲላላ የውስጡን ላስቲክ ይቀይራል። ለዚህ ሁሉ ከሶኒ ፈቃድ፣ ከሶኒ ኢንተርኔት፣ ከሶኒ መለዋወጫ አያስፈልገውም። ከተክለ ሃይማኖት ብዙም ሳይርቅ ምናለሽ ተራ አለ፤ እዚያ የበርሜል ቆርቆሮ ምድጃ፣ የመኪና ጎማም ሌላ ዕቃ ይሆናል። ፒኤስ 2ን በሕይወት ያቆየው ይኸው የመርካቶ እጅ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ማሽን ብዙ ጊዜ እዚህ የሚሞተው በብልሽት ሳይሆን በመብራት ነው። የድሮዎቹ የአሜሪካ ፒኤስ 2 ማሽኖችና የኤክስቦክስ 360 የአሜሪካ ፓወር ሰፕላይ የተሠሩት ለአሜሪካ 110 እና 120 ቮልት ነው፤ የኛ መስመር 220 ነው። በስጦታ የመጣ ማሽን በደስታ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በዚያው ቅጽበት ሲቃጠል ማየት ያሳዝናል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ «ከ100 እስከ 240» ቮልት የሚል ካልተጻፈ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳይገዙ መሰካት የለበትም።

ሦስተኛው ምክንያት ደስ የሚል ባይሆንም መነገር አለበት። ጌም ቤቶቹ የሠሩት በአብዛኛው በኮፒ ሲዲ ነው። ማሽኑ ቺፕ ተተክሎለት ይመጣል፣ ሲዲው በጥቂት ብር ይገዛል። ባይሆን ኖሮ በውጭ 50 እና 60 ዶላር የሚያወጣን ጌም የሚገዛ ጌም ቤት አይኖርም ነበር። ነገር ግን አምራቹ ከጌም ነው የሚያተርፈው ብለናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በፒኤስ 2 የተካሄደው ያ ሁሉ ጨዋታ ሶኒ መዝገብ ውስጥ አልገባም። ሶኒ እኛን እንደ ገበያ አያየንም፤ የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ዛሬም ኢትዮጵያን ከሚያስመዘግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላካተተም። አካውንት የሚያወጣ ሰው ሌላ አገር መርጦ ነው የሚያወጣው። በፒኤስ 2 ዘመን ይህ መረሳት አልጎዳንም። ዛሬ ይጎዳናል።

የሚጎዳን ማሽኖቹ ስለተቀየሩ ነው። ከአዲሱ ትውልድ ርካሽ ሆኖ በ2020 ኖቬምበር በ299 ዶላር የወጣው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ጌም የሚገባበት ዋናው መንገድ ኢንተርኔት ነው። የዛሬ ትልልቅ ጌሞች ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ሲሪስ ኤስ ደግሞ ለጌም የሚተርፈው ቦታ 364 ጊጋባይት ብቻ ነው። አንድ ጌም ለማስገባት የሚያልቀውን የዳታ ጥቅልና መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ የሚሆነውን ጌም ቤት ያለው ሰው ያስበው። ሲዲ የሚቀበለው ትልቁ ወንድሙ ሲሪስ ኤክስም ቢሆን ከካርቶኑ ወጥቶ መጀመሪያ ሲበራ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ ሥራ አይጀምርም። ፒኤስ 5ም እየተከተለ ነው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ሲዲ ማንበቢያው የሚነቀልና የሚተከል ሲሆን፣ አዲስ ሲተከል አንድ ጊዜ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። በ2024 በ700 ዶላር የወጣው ፒኤስ 5 ፕሮ ጭራሽ ሲዲ ማንበቢያ ሳይኖረው ነው የሚሸጠው።

በፒኤስ 4 ላይ የታየ አንድ ነገር ይህን በደንብ ያስረዳል። ማሽኑ ውስጥ ሰዓት የምትጠብቅ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። ባትሪዋ አልቃ ማሽኑ ከሶኒ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ፣ ኦሪጅናል ሲዲ ቢከተትበት እንኳ ጌሙ አይከፈትም ነበር። ሰዎች ይህን ደርሰውበት ከጮኹ በኋላ ሶኒ በ2021 በወጣው የማሽኑ ሶፍትዌር ስሪት 9.00 አስተካከለው። ባይስተካከል ኖሮ ሶኒ አንድ ቀን የፒኤስ 4 ሰርቨሩን ሲያጠፋ፣ ባትሪዋ ያለቀችበት ማሽን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሥራ ውጪ ይሆን ነበር። ጠጋኝ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ሰርቨር መጥፋቱ ደግሞ ተረት አይደለም። የዊ ዩና የ3ዲኤስ የኢንተርኔት መደብሮች በ2023 ማርች ተዘግተዋል። ሶኒ በ2021 የፒኤስ 3ን መደብር እዘጋለሁ ብሎ ደንበኞች ስለተቆጡ ነው ሐሳቡን የቀየረው። የኤክስቦክስ 360 መደብር የተዘጋው በ2024 ጁላይ 29 ነው። ይህ ቀን በኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀበት ዕለት። እስከዚያ ዕለት ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ከ130 በላይ ሆነ። 500 ዶላር የሚያወጣ ማሽን በባንክ ምንዛሪ ስናሰላው ከ28,500 ብር ወደ 65,000 ብር ተሻገረ፤ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። አስመጪዎች ቀድሞውንም በውድ ዶላር ይገዙ ስለነበር ሱቅ ላይ የታየው ዝላይ በዚያው ልክ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ለጌም ቤት አዲስ ማሽን መግዛት ከባድ ውሳኔ ሆኗል፤ ማሽኑ ስንት ዓመት ይቆይልኛል የሚለው ጥያቄም የበለጠ ክብደት አግኝቷል።

እንግዲህ ወደ ኤክስቦክስ እንመለስ። በሽታው የትኛው ዓይነት ነው? እንደ 3ዲኤስ የዋጋና የጌም ጉዳይ ነው እንዳይባል፣ ማይክሮሶፍት በ2023 ኦክቶበር አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቷል። በጌሙ ዓለም ከዚያ የሚበልጥ ግዢ ያኔ አልነበረም። ጌም ሞልቶታል። የገንዘብ ችግርም የለበትም። ይልቁንም የኤክስቦክስ ኃላፊ የነበሩት ፊል ስፔንሰር ራሳቸው በ2023 ያመኑት ነገር አለ፦ ከ2013 ጀምሮ በነበረው ትውልድ መሸነፋቸው የከፋ የሆነው ሰዎች ጌሞቻቸውን በዲጂታል መሰብሰብ የጀመሩት ያኔ ስለነበር ነው። ፒኤስ 4 ላይ በመቶ ዶላሮች የገዛቸው ጌሞች ያሉት ሰው እነሱን ጥሎ ወደ ኤክስቦክስ አይሄድም። ይህ በዋጋ ቅናሽ የሚድን በሽታ አይደለም።

ማይክሮሶፍትም የመረጠው መንገድ ሕመሙን እንደሚያውቅ ያሳያል። በ2024 ፌብሩዋሪ አራት ጌሞቹን ለተቀናቃኞቹ ማሽኖች እንደሚሰጥ አስታወቀ። በ2025 ፎርዛ ሆራይዘን 5ና ጊርስ ኦፍ ዋር ፒኤስ 5 ላይ ወጡ። ኤክስቦክስን ኤክስቦክስ ያደረገው ሄይሎ የተባለው ጌም ራሱ ወደ ፒኤስ 5 እንደሚመጣ በዚያው ዓመት ተነገረ። የማሽኖቹ ዋጋ ደግሞ በዕድሜያቸው መቀነስ ሲገባው በ2025 ሁለት ጊዜ ጨመረ። ፒኤስ 5 ከ80 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ከኤኤምዲ ጋር ለቀጣዩ ማሽን እየሠራ መሆኑን በ2025 ጁን አስታውቋል፤ አሱስ የሠራውና የኤክስቦክስን ስም የያዘ በእጅ የሚያዝ ማሽንም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወጥቷል። ስለዚህ «ድርጅቱ ከኋላው አለ» የሚለው ተከራካሪ አልተሳሳተም። የቆመው ግን ከጌሞቹ ኋላ ነው፤ ከዚህኛው ሳጥን ኋላ አይደለም። በኔ ግምት ሲሪስ ኤስና ሲሪስ ኤክስ ገበያውን መልሰው አይይዙም፤ ማይክሮሶፍትም ሴጋ ተገዶ የሄደበትን መንገድ ገንዘብ እያለው በፈቃዱ እየሄደበት ነው።

ይህ ማለት ግን ማሽኑን ማንም አይግዛው ማለት አይደለም። ቤቱ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው፣ ብቻውን ወይም ከወንድሙ ጋር የሚጫወት፣ ዘመድ ውጭ አገር ሆኖ ክፍያውን የሚፈጽምለት ሰው በሲሪስ ኤስ ለዓመታት ሊዝናና ይችላል። ለጌም ቤት ግን አልመክረውም። ጌም ቤት የሚኖረው በእግር ኳስ ነው፣ የእግር ኳስ ጌምም ራሱ ተቀይሯል። ፔስ ከ2021 ጀምሮ ኢፉትቦል ተብሎ በኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ሆኗል። ፊፋ የሚለው ስም በፊፋ 23 አብቅቶ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። ኤፍሲ እስከ 2025ቱ ስሪት ድረስ ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በ2013 የወጣ ማሽን ከአሥር ዓመት በኋላም አዲስ እግር ኳስ ተሠርቶለታል። ሲዲ ይቀበላል፣ ቮልቱ አያስቸግርም፣ ከ117 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ጠጋኙም ጠባዩን ለምዶታል። ያገለገለ ግን በደንብ የተያዘ ፒኤስ 4 ለጌም ቤት ዛሬም ከአዲሱ ሲሪስ ኤስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ያም ሆኖ ያገለገለ ኤክስቦክስ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሱቁ ውስጥ ሳለ ማሽኑን ሻጩ ፊት ያስበራው። የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘው፤ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ወጥቶለት በራሱ አካውንት ይግባ። በቀድሞ ጥፋት በማይክሮሶፍት የታገደ ማሽን ያን ጊዜ ይታወቃል፤ የታገደ ሲሪስ ኤስ ደግሞ ሲዲ ስለማይቀበል ብዙም አይጠቅምም። ሲዲ የሚቀበል ሲሪስ ኤክስ ከሆነ ሲዲ ይዞ ሄዶ አስገብቶ ይሞክር። ማራገቢያው ሲሠራ ድምፁን ይስማ፣ ጆይስቲኩን ሁለቱንም ዘንጎች ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያንቀሳቅስ፤ ሳይነካ ተጫዋቹ ብቻውን የሚራመድ ከሆነ ዘንጉ አልቋል። ዋጋ መነጋገር ከዚህ በኋላ ነው።